«ታዋቂ መሆን እፈልጋለሁ» ላሉኝ የ7ኛ ክፍል ልጆች ምን ልበላቸው?

ጥያቄ፦ አዘዞ ውስጥ የ7ኛ ክፍል አማርኛ መምህርት ነኝ። «ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ብዬ አንቀጽ ባስጽፋቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «ታዋቂ» ብለው ጻፉ፤ በምን እንደሆነ ግን የጻፈ የለም። በዚያው ሰሞን ማን እንደሆነ ያልታወቀ ልጅ ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፍቶ የክፍሉን ልጆች ፎቶ እየለጠፈ ይሳደብ ጀመር። አንዲት ተማሪዬ ከቀረች ሳምንት ሆናት። ርዕሰ መምህሩ «ስልክ እንሰብስብ» ይላሉ። እኔ ደግሞ ስለ ዝና፣ ስም ስለ መደበቅና ስለ ራስ ማንነት ባስተምራቸው ይሻላል ባይ ነኝ። ከየት ልጀምር?

ምላሽ፦

መምህርት፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። እዚሁ ጎንደር በትምህርት ቤት አማካሪነት ረጅም ዓመት ስለ ሠራሁ የነገሩኝ ሁሉ አዲስ አልሆነብኝም። ስልክ በየእጁ ሳይገባ በፊት እንዲህ ያለው ስድብ የሚጻፈው የመጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ ነበር።

ከትምህርቱ በፊት የቀረችው ልጅ ትቅደም። ዛሬውኑ ቤቷ ይሂዱ፤ ብቻዎን ከከበደዎት አንዲት ባልደረባ ይዘው ይሂዱ። እናቷ ቡና ካቀረቡ ቁጭ ይበሉ፣ አይቸኩሉ። ልጅቷን «ችላ በይው» አይበሏት፤ ችላ ማለት ብትችል ኖሮ ሳምንት አትቀርም ነበር። «አይቼዋለሁ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ ስትመለሺ ከማን ጋር መቀመጥ ትፈልጊያለሽ?» ካሏት ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል። የተለጠፈውን ቀኑ እንዲታይ አድርገው ስክሪንሾት ያስቀምጡ፤ እንዲህ ያለ ቻናል ሰው እንደነቃበት ሲያውቅ ይጠፋል። ከዚያ ቻናሉን ለራሱ ለቴሌግራም ሪፖርት ያድርጉ። ክፍል ገብተው «እንዲህ የሚባለውን ቻናል እንዳትከፍቱ» ብለው ግን አያውጁ፤ ያልሰማው ሁሉ ማታ ይከፍተዋል።

ስልክ መሰብሰቡ ላይ ከርዕሰ መምህሩ ጋር አልስማማም። በክፍል ሰዓት ስልክ አይነካ የሚለው ደንብ ጥሩ ነው፣ ይኑር። ስድቡ የሚጻፈው ግን ማታ ነው፣ ከቤት ነው፣ ምናልባትም በታላቅ ወንድም ስልክ ነው። ስልኩን ወስደን ልጁ እዚያ ላይ ምን እንደሚፈልግ ሳንጠይቀው ከቀረን በሌላ ስልክ ይመለሳል።

አሁን ወደ «ታዋቂ» ልምጣ። ልጆቹን አይቆጧቸው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ሰው ሁሉ እሱን የሚያይ ይመስለዋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ኤልካይንድ እ.ኤ.አ. በ1967 ይህንን «ምናባዊ ተመልካች» ብሎ ሰይሞታል። ጫማው አፉን ከፍቶ የመጣ ልጅ ቀኑን ሙሉ እግሩን ከዴስኩ ሥር ደብቆ ሲውል አይተው ያውቁ ይሆናል። ጫማውን ልብ ያለው አንድም ልጅ ላይኖር ይችላል፤ ለእሱ ግን ክፍሉ በሙሉ ዓይኑን ጫማው ላይ ተክሏል። እኛም በዚያ ዕድሜ እንዲሁ ነበርን። ዛሬ የተለወጠው ተመልካቹ በቁጥር መነገሩ ነው። ቲክቶክ «ይህን ያህል ሰው አይቶታል» ብሎ ይቆጥርለታል። ትናንት የለጠፈውን 300 ሰው አይቶለት የዛሬውን 12 ሰው ብቻ ቢያየው፣ ልጁ 288 ሰው ፊቱን ያዞረበት ሆኖ ይሰማዋል። የድርጅቱ የራሱ ደንብ 13 ዓመት ላልሞላው አካውንት አይፈቅድም፤ ከ7ኛ ክፍል ልጆችዎ ስንቱ ዕድሜውን ጨምሮ እንደገባ ቢጠይቁ ይደነግጡ ይሆናል።

ምኞቱም ከየትም አልመጣም። እዚያው አሜሪካ ከ9 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች የሚወዷቸውን የቴሌቪዥን ዝግጅቶች ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ከ16 እሴቶች መካከል ዝና እ.ኤ.አ. በ1997 15ኛ ደረጃ ላይ እንደነበረና በ2007 1ኛ እንደሆነ አግኝተዋል። ያ ሁሉ የሆነው ቲክቶክ ሳይፈጠር ነው። ልጆች የሚመኙት የሚያዩትን ነው፤ የእኛዎቹም ያንኑ የሚመስል ነገር ያያሉ።

ስለዚህ «በምን ነው ታዋቂ የምትሆኑት?» ከሚለው ጥያቄ በፊት ሌላ እንዲጠይቋቸው እፈልጋለሁ፦ «ማን እንዲያውቅህ ነው የምትፈልገው?» ትንሽ ቁራጭ ወረቀት ያድሉ፣ ስም አይጻፍበት፣ መልሱ ከአንድ መስመር አይብለጥ። እኔ ይህንን ከአንድ የ7ኛ ክፍል ጋር ስሠራ «ዓለም በሙሉ» የሚል መልስ ነበር የጠበቅኩት። አንዳንዱ እንዲያ ጻፈ። ነገር ግን «አረብ አገር ያለችው አክስቴ»፣ «የሰፈሬ ልጆች»፣ «እነሱ ራሳቸው ያውቃሉ» የሚሉም መጡ። እስካሁን ከዓይኔ የማይጠፋው ግን ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ጥግ ላይ በእርሳስ የተጻፈው ነው፦ «የሒሳብ አስተማሪያችን። 'አንተ ቀይ ሹራብ' ነው የሚሉኝ።»

ስድሳና ከዚያም በላይ ልጅ በሚማርበት ክፍል ውስጥ ስም አለመታወቅ ከቴሌግራም በፊት የነበረ ነገር ነው። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ልጅ ሳይፈልግ ስሙ ተደብቆበታል። እኛ «አንተ ከመስኮቱ ጋ ያለኸው» ስንለው ዓመቱን ይጨርሳል። ያ ልጅ ወይ ሺህ ሰው ስሙን እንዲያውቀው ይመኛል፣ ወይ ስም አለመኖሩን ለክፉ ይጠቀምበታል። ሁሉም እንዲህ ነው አልልም፤ በአማካሪ ክፍሌ ወንበር ላይ ከተቀመጡት ልጆች መካከል ግን ብዙዎቹን የማየው በዚህ በኩል ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ላክል። «ማንነት» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ አይጻፉት። ቃሉ ዛሬ በአገራችን የፖለቲካ ቃል ሆኗል፤ እርስዎ ስለ ልጁ ነፍስ እያወሩ እሱ ስለ ብሔር የተጠየቀ ይመስለዋል፣ ቤት ሲገባም ለአባቱ እንዲያ ብሎ ይነግራል። «እኔ ማን ነኝ?» ብለው ይጻፉ። ሐሳቡ ያው ነው፣ የሚከፍተው በር ግን ሌላ ነው።

የመጀመሪያውን የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለስም ይስጡት። እኛ ሐበሾች ለዚህ ትምህርት ከማንም የተሻለ ዕቃ አለን። አንድ የጎንደር ልጅ ስንት ስም አለው? መዝገብ ላይ የሰፈረው አለ። አያቱ የሚጠሩት የቤት ስም አለ፦ ማሙሽ፣ ሚሚ፣ እሙዬ። ጓደኞቹ ያወጡለት ቅጽል አለ። የክርስትና ስም አለ፣ ለንስሐ አባትና ለቅርብ ዘመድ ካልሆነ የማይነገር። አሁን ደግሞ የአካውንት ስም ተጨመረ። ወረቀቱን አምስት ቦታ አጥፈው ከየስሙ ጎን «በዚህ ስም የሚጠራኝ ማን ነው? ሲጠራኝ ምን ይሰማኛል?» የሚለውን ይሙሉ። ሙስሊም ተማሪዎችዎ በክርስትና ስም ፋንታ በጣም ቅርብ ሰው ብቻ የሚያውቀውን መጠሪያ ያስቡ። በዚያ መስመር ላይ ግን ማንም ስሙን አይጻፍ፤ «አለኝ» ብሎ ምልክት ያድርግና ይለፈው። ልጆቹ ወዲያው «ለምን?» ይላሉ፣ እርስዎም የሚፈልጉት ይህንኑ ጥያቄ ነው። ሰው ለሁሉም የማያሳየው ነገር ሊኖረው እንደሚችል፣ ያም ውሸት ወይም ሌብነት እንዳልሆነ፣ ከማንኛውም የኢንተርኔት ደኅንነት ትምህርት በፊት አያቶቻቸው በክርስትና ስም አስተምረዋቸዋል።

ከዚያ ወደ ከተማቸው ታሪክ ይውሰዷቸው። እቴጌ ምንትዋብ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነበር፣ የዘውድ ስማቸው ብርሃን ሞገሳ። ቁስቋምን ያሠሩት፣ ሕዝብ በውበታቸው የጠራቸው፣ በጸሎት የሚታሰቡትም አንዲት ሴት ናቸው። ከቋራ የተነሡት ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ ቴዎድሮስ ተባሉ፤ በፈረስ ስማቸው አባ ታጠቅ ናቸው፤ ጠላቶቻቸው ደግሞ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ልጆቹን ይጠይቋቸው፦ ቴዎድሮስ ሲመጣ ካሳ የት ሄደ? ያ ስድብስ የማን ስም ነው፣ የእሳቸው ወይስ የተሳዳቢዎቹ? አንድ ልጅ «ስድብ የተሳዳቢው ስም ነው» ብሎ ሲመልስልኝ ክፍሉ ጸጥ አለ። የቀረችውን ተማሪዎን ስም አንድም ጊዜ ሳያነሱ ስለ ቻናሉ መናገር የሚቻለው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ስም ስለ መደበቅ ይሁን፤ ከተቻለ ከክፍል ውጭ ይሁን። ከአዘዞ ተነሥተው ፒያሳ ድረስ መሄጃ ካገኙ ግንቡን ያሳዩዋቸው። የፋሲል ግንብ፣ የኢያሱ ግንብ፣ የምንትዋብ ግንብ እየተባለ ይጠራል። ድንጋዩን የጠረበው፣ ኖራውን ያቦካው፣ ውኃ የቀዳችውስ? ከግንበኞቹ መካከል ቤተ እስራኤሎች እንደነበሩ ይታወቃል፤ «ባለ እጅ» እየተባሉ ይናቁ የነበሩ ሰዎች። የአንዱን እንኳ ስም የሚጠራ ተማሪ አያገኙም፣ እጃቸው የሠራው ግን ዛሬም ቆሟል። ደብረ ብርሃን ሥላሴም እንዲሁ ነው። ከጣሪያው ላይ ከመቶ በላይ የመላእክት ፊት ወደ ታች ያያል፣ ዓይናቸው ሁሉ የተከፈተ። ማን እንደሣላቸው ግን በእርግጠኝነት የሚታወቅ ስም የለም። አንድ ጊዜ ይዣቸው ከሄድኳቸው ልጆች አንዷ አንገቷን ወደ ኋላ አድርጋ ብዙ ካየች በኋላ «ታዲያ ስሙን ለምን አልጻፈም? ማንም አያውቀውም እኮ» አለችኝ፤ እውነትም ተናዳ ነበር። መልስ አልሰጠኋትም። እርስዎም አይስጡ። ያ ንዴት ራሱ ጥሩ ድርሰት ይወጣዋል። መሄድ ካልተቻለ፣ ወይም ቤተ ክርስቲያን መግባት የማይመቻቸው ልጆች ካሉ፣ የግንቡ ታሪክ ብቻውን ይበቃል።

ይህንን የምለው ስም መደበቅ ብቻውን ነውር እንደሆነ ሊያስተምሩ እንዳይነሡ ነው። ብዙ መምህራን እዚያ ላይ ይሳሳታሉ። የእኛ ሰው ስም ደብቆ ብዙ መልካም ነገር ሠርቷል። በጥንት ጊዜ መኳንንቱ የሕዝቡን ስሜት ሊያውቁ ሲሹ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል፤ ዘፈኑን ማን እንደጀመረው ስለማይታወቅ እረኛው አይቀጣም፣ እውነቱ ግን ይደርሳል። ምጽዋትንም ቀኝ እጅህ ሲሰጥ ግራህ አይወቅ የሚለውን ልጆቹ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ሰምተውታል።

ክፉው ጎንም አለ፣ እሱንም በግልጽ ያሳዩዋቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለእኛ ልጆች ለመግለጽ በጣም ይመቻል። ሲያትል በምትባለው ከተማ በበዓል ቀን ልጆች ጭምብል አድርገው ከቤት ቤት እየዞሩ ከረሜላ ይጠይቃሉ፤ የእኛን የቡሄ ሆያ ሆዬ ይመስላል። ተመራማሪዎቹ ከ1,300 በላይ ልጆችን አዩ። የቤቱ ሴት «አንድ አንድ ብቻ ውሰዱ» ብላ ወደ ውስጥ ትገባለች፣ የተደበቀ ሰው ግን ያያል። አንዳንዶቹን ልጆች ከመግባቷ በፊት ስማቸውንና ቤታቸውን ጠየቀቻቸው፣ ሌሎቹን አልጠየቀችም። ስማቸው ያልተጠየቀውና በቡድን የመጡት ከተፈቀደው በላይ ያፈሱት እጅግ በዛ። እዚህ ላይ ቆም ብለው «ሆያ ሆዬ ስትሉ ሴትየዋ በር ላይ ምን ትላችኋለች?» ብለው ይጠይቁ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይመልሳል፦ «የማን ልጅ ነህ?» ተመራማሪዎቹ የጠየቁት ያንኑ የእናቶቻችንን ጥያቄ ነው። ቴሌግራም ላይ በር ላይ ቆሞ «የማን ልጅ ነህ?» የሚል የለም። ጆን ሱለር የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2004 ስለዚህ ሲጽፍ ሰው ኢንተርኔት ላይ የሚደፍረው ስሙ ስለማይታወቅ ብቻ ሳይሆን የሚሰድበውን ሰው ፊትም ስለማያይ ነው ይላል። ልጆችዎ ይህኛውን በቀላሉ ይረዱታል፤ ፊት ለፊት የማይሉትን ይጽፋሉና።

ታዲያ ክፉውን ከደጉ በምን ይለዩ? እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምሰጣቸው፦ «የተደበቀው ስም ማንን ጠበቀ?» የጎረቤቷን ልጅ ደብተር ማንም ሳያውቅ የገዛች ሴት፣ ስሟ የጠበቀው የልጁን ክብር ነው። ስለ ወር አበባ ስም ሳትጽፍ ለሳይንስ አስተማሪዋ ጥያቄ የላከች ልጅ ራሷን ጠበቀች፣ ማንንም አልነካችም። ተማሪ ስለሚደበድብ አስተማሪ በአስተያየት መስጫ ሣጥን ወረቀት የከተተ ልጅ ከጉልበተኛ ተጠበቀ። ቻናል ከፍቶ የጓደኞቹን ፎቶ የሚለጥፈው ግን ራሱን ደብቆ የሌላውን ፊትና ስም አደባባይ አወጣ። ይህንን ሲሰሙ ልጆቹ ራሳቸው «ስም ከደበቀ የእኛንም ይደብቅልን!» ይላሉ። አንድ ከባድ ጉዳይም ይጨምሩላቸው፦ አባቷ ስለማይፈቅዱ በሌላ ስም ግጥም የምትለጥፍ ልጅ። እዚህ ላይ ይከራከራሉ፣ አይስማሙም። ይተዉአቸው፤ እኔም ራሴ በዚህ ጉዳይ ከባለቤቴ ጋር አልተስማማሁም።

ፎቶን ሳላነሳ አላልፍም፣ ለጎንደር ልጅ ልዩ ነገር ነውና። በጥምቀት ፋሲል መዋኛ አካባቢ ነጭ ለብሶ የቆመ ልጅ በአንድ ቀን ስንት ካሜራ ያየዋል? ፊቱ የት አገር እንደደረሰ አያውቅም፣ ፊቱን ያየውም ስሙን አያውቅም። «ይህ ታዋቂነት ነው?» ብለው ይጠይቁ። «ከማንሣቱ በፊት ቢጠይቅህስ?» ብለው ይጨምሩ። ከዚያ ወዲያ «የጓደኛህን ፎቶ ሳትጠይቀው አትለጥፍ» የሚለውን ደንብ ራሳቸው ያወጡታል፤ እርስዎ ሲያወጡት ቢሆን ኖሮ ሳምንት አይቆይም ነበር።

የማልመክርዎትም አለ። «እስቲ ፌክ አካውንት ከፍታችሁ ምን እንደሚሰማችሁ ሞክሩ» አይበሉ። ስልካቸውን ከፍተው እንዲያሳዩ አያስገድዱ። ታዋቂ ሰው ጋብዘው «ዝና ከንቱ ነው» እንዲል አያድርጉ፤ ልጆቹ ሰልፊ ይነሡና የተናገረውን ይረሱታል።

ቻናሉን የከፈተው ልጅ ሊታወቅ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንዱ ይነግራል። ሲታወቅ ሰልፍ ላይ አያቁሙት። እሱ ሌሎችን አደባባይ ያወጣውን እኛም በእሱ ላይ ከደገምነው ትምህርቱ ሁሉ ፈረሰ፣ ልጁም በማይፈልገው መንገድ ታዋቂ ሆነ። ወላጁ ይጠራ፣ ቻናሉን በእርስዎ ፊት ያጥፋው፣ ከዚያ የጎዳው ልጅ ፈቃደኛ ከሆነ ብቻ በአማካሪው ክፍል ፊት ለፊት ይቅርታ ይጠይቅ። ይቅርታውን «ይቅርታ አድርጊልኝ» ብሎ ብቻ አይጨርሰው፤ ምን እንደጻፈ በቃሉ ይናገር፣ ፊቷን እያየ። ከላይ እንዳልኩት ሲጽፍ የጎደለው ፊቷ ነበር። አገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አላት፤ ወላጆች ያንን ጠቅሰው ፖሊስ ጋር ልሂድ ሊሉ ይችላሉ። በወንጀል ሕጋችን ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ እንደ አዋቂ አይቀጣም። ዛቻ ወይም የእርቃን ፎቶ ካለበት ግን ለነገ አይበሉ፣ ለርዕሰ መምህሩና ለወላጅ አሳውቀው ወዲያውኑ ወደ ሕግ ይሂዱ።

ድርሰቱን በመጨረሻ ይመልሱላቸው። ያንኑ «ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» እንደገና ያስጽፏቸው፣ አሁን ግን «ማን እንዲያውቀኝ፣ በምን ሥራ፣ በየትኛው ስሜ» የሚሉትን ጨምረው። «ታዋቂ» የሚለው ቃል አሁንም ይኖራል፣ አያስደንግጥዎት። አንዷ «ታዋቂ ነርስ፣ በአዘዞ ጤና ጣቢያ፣ በቤት ስሜ» ብላ ከጻፈች ወረቀቱን ያስቀምጡት።

እርስዎ ግን ከሰኞ በፊት አንድ የቤት ሥራ አለብዎት። የስም ዝርዝሩን ያውጡና ከኋላ ሦስት ረድፍ የሚቀመጡትን ልጆች በቃልዎ ያጥኑ፣ የአባታቸውን ስም ጨምረው። ሰኞ ጠዋት ዝርዝሩን ሳያዩ፣ ፊታቸውን እያዩ ይጥሯቸው። የቀረችው ልጅ ያን ቀን ከተመለሰች የእሷን ስም ከሌሎቹ መካከል ያስገቡት፤ የመጀመሪያም የመጨረሻም አያድርጓት፣ ድምፅዎንም አይለውጡ።